ከማር ግብር እስከ ኤክሳይስ ታክስ፦ የመጠጥና የትምባሆ ቀረጥ ክርክር ከየካ ሚካኤል ግርጌ ሲታይ

«ግብር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉሞችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ባላገሩ ከምርቱና ከጥሪቱ ለመንግሥት የሚያስገባው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ንጉሥ ወይም መኰንን በአዳራሹ ሠራዊቱንና ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያበላውና የሚያጠጣው ነው። በአንደኛው ትርጉም ግብር ይገባል፤ በሁለተኛው ግብር ይበላል። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራቱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። የወጣው የሚመለስበት፣ የተሰጠው የሚታይበት ሥርዓት ስለ ነበረ መስጠትና መቀበል አንድ ስም ወረሱ። በመጠጥና በትምባሆ ላይ ስለሚጣል ቀረጥ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ የተደረገውን ክርክር ለመረዳት ከዚህ ድርብ ትርጉም መነሣት ይጠቅማል። የክርክሩ ፍሬ ነገር ምንጊዜም «ምን ያህል ይከፈል?» ብቻ ሳይሆን «የተከፈለው ወዴት ይመለሳል?» የሚል ነበርና።

ለዚህ ታሪክ ከየካ ሚካኤልና ከእንጦጦ ተራሮች ይልቅ የተሻለ መመልከቻ ማግኘት ያስቸግራል። ከላይ የምኒልክ የቀድሞ ከተማ እንጦጦ አለ። ከግርጌው፣ ከቀበና እስከ የካ ባለው ዳገት፣ በአንድ ወቅት በአገሪቱ ቀረጥ ላይ ድምፅ የነበራቸው የውጭ መንግሥታት ለጋሲዮኖች ተደርድረዋል። ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ ብቅሉም ጌሾውም የሚሸመትበት የሾላ ገበያ ይገኛል። የቤተ መንግሥቱ ጠጅ፣ የለጋሲዮኑ ወይንና የመንደሩ ጠላ በአንድ ተዳፋት ላይ የተገናኙበት ሥፍራ ነው።

የማር ግብር ዘመን

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ጊዜ ለመጠጥ ተብሎ በገንዘብ የሚከፈል፣ በመቶኛ የሚሰላ ቀረጥ አልነበረም። የነበረው የማር ግብር ነው። ማር አምራች በሆኑት አገሮች ያለው ገባር ማሩን በጉንዶ እየሰፈረ ለባለ ርስቱ፣ ለገዥው ወይም ለቤተ መንግሥቱ ያስገባ ነበር። ይህ ማር በጠጅ ቤት በጌሾ ተጥሎ፣ በጋን ተቀምጦ፣ ቀኑ ሲደርስ በአዳራሹ ግብር ላይ በዋንጫና በብርሌ ይቀርባል። ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ከወረደ በኋላ በታላቁ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራው እየገባ ይበላና ይጠጣ እንደ ነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረዋል።

እርግጥ ነው፣ ማሩን ያስገባው ገባር ራሱ ከአዳራሹ ገብቶ ጠጁን የሚጠጣበት ዕድል እምብዛም አልነበረውም። ግብሩ የሚመለሰው ለወታደሩ፣ ለመኳንንቱና ለአሽከሩ ነበር። ስለዚህ ሥርዓቱን ያለ ነቀፌታ ማወደስ አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነበር፤ የተሰበሰበው ምን ላይ እንደ ዋለ ሁሉም በዐይኑ ያየዋል። ሒሳቡ በመዝገብ ሳይሆን በማዕድ ይነበባል።

የትምባሆ ጉዳይ የተለየ ነበር። ትምባሆ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የተነቀፈ በመሆኑ የቀድሞው ክርክር ስለ ቀረጡ ሳይሆን ስለ ክልከላው ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ ማጨስንና ሱረት መሳብን በጥብቅ መከልከላቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ይህን የተላለፈ ሰው ከንፈሩ ወይም አፍንጫው ይቈረጥ እንደ ነበር የውጭ አገር ተጓዦች በመጽሐፎቻቸው አስፍረዋል። በደቡብና በምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ግን ጋያ ማጨስ የቆየ ልማድ ነበር። መንግሥት በአንድ ዕቃ ላይ ሊከተለው ከሚችለው ከሁለቱ መንገድ፣ ማለትም ከመከልከልና ከማስከፈል፣ የመጀመሪያው ተሞከረ። ቅጣቱ የቱንም ያህል ቢከብድ ልማዱን ከአገር አላጠፋውም።

በለጋሲዮኖቹ ግርጌ

ከአድዋ ድል በኋላ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የኢጣሊያ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን በአዲስ አበባ ሲያስቀምጡ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካና ከእንጦጦ ግርጌ ሰፋፊ ቦታ ተሰጣቸው። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሠፈር ስም እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ምኒልክ ከፈረንሳይ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት ወደ ኢትዮጵያ በሚገባ የፈረንሳይ ሸቀጥ ላይ የሚጣለው የጉምሩክ ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚህ የሚያስገርመው የመጠጡ አንቀጽ ነው። ወይንና ሌላው የአልኮል መጠጥ የሚከፍለው 8 በመቶ ብቻ ሆነ። ድሀው ከሚለብሰው አቡጀዲ ይልቅ ባለጸጋው የሚጠጣው የውጭ መጠጥ ቀለል ያለ ቀረጥ አገኘ ማለት ነው። ሌሎቹም መንግሥታት «ከሁሉ የበለጠ ለተወደደ አገር የሚሰጠው መብት ለእኛም ይገባናል» በሚል የውል ቃል እየተጠቀሙ ለዜጎቻቸው ይህንኑ ጥቅም ጠየቁ።

ከዚህ የተነሣ ኢትዮጵያ ነጻ መንግሥት ሆና ሳለ፣ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላም ጭምር፣ በገዛ በሯ በሚገባው አረቄ ላይ የምትፈልገውን ቀረጥ ለመጣል አልቻለችም። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ የጤና ባለሙያ «የመጠጥ ቀረጥ ከፍ ይበል» ሲል የሚገጥመው ተቃውሞ ከነጋዴ ወይም ከፋብሪካ ነው። በዚያን ዘመን ግን ተቃውሞው ባለ ባንዲራ ነበር።

መንግሥት ከዚህ እስራት ለመውጣት የመረጠው ዘዴ በቀረጥ ሥራ ላይ ለሚገኝ ባለሙያ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበትና የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በወጣበት በዚያው በ1923 ዓ.ም. የኤክሳይስና የፍጆታ ቀረጥ ሕግ ታወጀ። የሕጉ ሐሳብ አጭር ነው። ውሉ የሚያስረው ጉምሩክን፣ ማለትም ዕቃ ድንበር ሲያልፍ የሚከፈለውን ነው፤ ዕቃው አገር ውስጥ ከገባ በኋላ በተጠቃሚው ላይ የሚጣለው ግን ሌላ ቀረጥ ነው የሚል። ለጋሲዮኖቹ ይህ ጉምሩክ በሌላ ስም ነው ሲሉ ተቃወሙ። ክርክሩም እስከ ኢጣሊያ ወረራ ዋዜማ ድረስ ሲጎተት ቆየ። ብዙ ሰው ከውጭ ሰነድ የተቀዳ ባዕድ ቃል አድርጎ የሚመለከተው «ኤክሳይስ» ወደ ኢትዮጵያ ሕግ የገባው የአገርን ሥልጣን ለማስመለስ በተደረገ ትግል መካከል መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሞኖፖሉና ፋብሪካው

ነጻነት በተመለሰ በማግስቱ መንግሥት ለብዙ ዓመታት የተነፈገውን ሥልጣን ሳይዘገይ ሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1942 የኢትዮጵያ የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ። አፄ ዮሐንስ የከለከሉትን ቅጠል መንግሥት ራሱ ገዛው፣ አዘጋጀው፣ ሸጠው። «ትምባሆ ሞኖፖል» በአዲስ አበባ የሠፈር መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። እንደ ሸዋ ሮቢትና ቢላቴ ባሉ ቦታዎች የትምባሆ እርሻ ተስፋፋ። ከሞኖፖሉ ሲጋራዎችም ኒያላ በመላ አገሪቱ የታወቀ ሆነ።

በመጠጡ በኩል በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ቀዳሚ ነው። ፋብሪካ ለቀረጥ ሰብሳቢ ከጠላ ቤት ይልቅ የተመቸ ነው። በር አለው፣ መዝገብ አለው፣ ጠርሙሱ ይቈጠራል። በ1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ትላልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ ቢራውም በመንግሥት እጅ ገባ። ያን ጊዜ ሻጩም ቀረጥ ጣዩም አንድ ስለ ሆነ የቀረጥ ክርክር በአደባባይ የሚሰማበት ምክንያት አልነበረም። የሲጋራም የቢራም ዋጋ መጨመር ከመንግሥት አንድ ኪስ ወደ ሌላው የሚደረግ የሒሳብ ዝውውር ነበርና።

ክርክሩን እንደገና የቀሰቀሰው የፋብሪካዎቹ መሸጥ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1991 ዓ.ም. ለፈረንሳዩ ቢጂአይ፣ ሐረርና በደሌ በ2003 ዓ.ም. ለሃይነከን፣ ሜታ አቦ በ2004 ዓ.ም. ለዲያጆ ተላለፉ። በትምባሆም ረገድ የጃፓኑ ጄቲአይ በ2008 ዓ.ም. ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን 70.95 በመቶ አደረሰ። መንግሥት ባለቤትነቱን አሳልፎ ሲሰጥ ቀረጥ ጣይነቱ ብቻ ቀረ። ለጋሲዮኖቹ ከመድረኩ ከወረዱ ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላም የውጭ ገንዘብ በመጠጥና በትምባሆ ገበያው ላይ እንደገና ባለ ድርሻ ሆነ። ልዩነቱ በዚህ ጊዜ የቀረጡን ልክ የሚወስነው የአገሪቱ ምክር ቤት መሆኑ ነው።

የ2012 ዓ.ም. ክርክር

በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት ሲጋራ 75 በመቶ፣ ቢራ 50 በመቶ ይከፍሉ ነበር። መቶኛው ከፍ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ለአገር ውስጥ ምርት መነሻው የማምረቻ ወጪ ስለ ነበረ፣ ወጪውን አሳንሶ ያስመዘገበ ፋብሪካ ቀረጡንም አሳንሶ ይከፍላል። የሙያው ሰዎች እንደሚያውቁት የቀረጥ ጉልበት ያለው በመቶኛው ቁመት ብቻ ሳይሆን መቶኛው በቆመበት መሬትም ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የጤናው ሕግ እየጠበቀ ሄደ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 5 በመቶ የሚሆኑት ትምባሆ ተጠቃሚ መሆናቸው ታወቀ፤ ይህም ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆና አልኮል መሸጥን፣ አልኮልንም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከለከለ።

በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ ረቂቅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ አራት ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የጤና ባለሙያዎች ዋጋ ሲጨምር ፍጆታ እንደሚቀንስ፣ በታዳጊ አገሮች የሲጋራ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው 5 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሱስ ያልያዘው ወጣት እንደሚጠበቅ አስረዱ። የፋብሪካዎቹ ወገን ስለ ገብስ አምራቹ ገበሬ፣ ስለ ሠራተኛው እንጀራና በድንበር ስለሚገባው ኮንትሮባንድ ሲጋራ ተናገረ። የገንዘብ ሚኒስቴር የአገሪቱ የታክስ ገቢ ከጠቅላላው ምርት ጋር ሲነጻጸር 10 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን በማመልከት ገቢው ማደግ እንዳለበት ገለጸ። አራተኛው የሸማቹ ድምፅ ሲሆን የኑሮ ውድነትን የሚመለከት ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በየካቲት ወር ጸደቀ። ለአገር ውስጥ ምርት መነሻው ከማምረቻ ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ እንዲዛወር ተደረገ። ለቢራም መቶኛው ወይም በሊትር የተቈረጠው ገንዘብ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው እንዲከፈል ተወሰነ። ለሲጋራ ደግሞ 30 በመቶና በተጨማሪ 20 ፍሬ በያዘ በእያንዳንዱ ፓኮ 8 ብር ተደነገገ። 75 ወደ 30 ወረደ ብሎ ቀረጡ ቀነሰ ማለት ስሕተት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ መነሻው ሳይለወጥ 8 ብር የሆነ ርካሽ ፓኮ ቢወሰድ፣ በቀድሞው ሕግ 6 ብር ሲከፍል በአዲሱ 10 ብር ከ40 ሳንቲም ይከፍላል። መነሻው 20 ብር የሆነው ውድ ሲጋራ ግን ከ15 ብር ወደ 14 ብር ይወርዳል። ስለዚህ አዲሱ ስልት የሚከብደው በርካሹ ላይ ነው። ከጤና አንጻር ይህ ዓላማው ነው፤ አጫሹ ከውዱ ወደ ርካሹ እየተሸጋገረ ከቀረጡ እንዳያመልጥ ይዘጋበታል። ከፍትሕ አንጻር ግን ሸክሙ በይበልጥ የሚያርፈው አነስተኛ ገቢ ባለው አጫሽ ላይ መሆኑ ሊሸሸግ አይገባም። በተጨማሪም በብር የተቈረጠ ቀረጥ በየጊዜው ካልታደሰ የዋጋ ንረት ይበላዋል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በወጣ ጊዜ ይህ በተግባር የታየ ጉዳይ ነው።

ከመዝገብ ውጭ ያለው ጋን

የአራቱም ወገኖች ክርክር አንድ የጋራ ጉድለት ነበረው። ሁሉም የተናገሩት ስለሚቈጠረው ጠርሙስና ስለሚቈጠረው ፓኮ ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠጣው ግን ቢራና ውስኪ ብቻ አይደለም። ጠላው፣ ጠጁ፣ ካቲካላው የሚዘጋጀው በቤት ነው። አዘጋጆቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በየካ መንደሮች ጠላ የምትሸጥ እናት ብቅልና ጌሾዋን ከሾላ ትሸምታለች። የማገዶዋ ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ በተስፋፋው የእንጦጦ ደን አድጎ በሌላ ሴት ጀርባ ተሸክሞ የወረደ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ደረሰኝ የለም። የልጆች ቀለብ፣ የትምህርት ቤት ወጪና የቤት ኪራይ ግን አለ።

የቢራ ዋጋ በቀረጥ ምክንያት ሲንር ጠጪው ሁሉ መጠጥ አይተውም፤ ከፊሉ ወደ ጠላው፣ ከፊሉም ከዚያ ወደሚከፋው ወደ ካቲካላ ይዞራል። የዚህ ዓይነት ነገር በሌላውም ዓለም ታይቷል። የእንግሊዝ ምክር ቤት የሎንዶንን ድሆች ያሰከረውን ጂን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1736 ባወጣው ሕግ በችርቻሮ በሚሸጠው እያንዳንዱ ጋሎን ላይ 20 ሽልንግ፣ በሻጩ ላይ ደግሞ 50 ፓውንድ የፈቃድ ክፍያ ጣለ። ፈቃድ የወሰደው እጅግ ጥቂት ሲሆን ሽያጩ ግን ወደ ጓዳ ገባ። ሕጉም በ1743 ተሻረ። ውጤት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1751 በወጣው፣ ልከኛ ቀረጥን ከሻጮች ቁጥጥር ጋር ባጣመረው ሕግ ነው።

ከዚህ «ቀረጥ አይጨመር» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ሲጋራ በጓዳ አይጠመቅም፤ ስለዚህ የኮንትሮባንዱ በር እስከ ተጠበቀ ድረስ በትምባሆ ላይ የሚጣለው ከባድ ቀረጥ ዓላማውን ይመታል። በመጠጥ ረገድ ግን ፋብሪካውን ብቻ የሚያይ ሕግ ግማሽ ዐይን ያለው ነው። በጠላ ሻጯ ላይ ኤክሳይስ መጣል ደግሞ ከማይሰበሰብ ገቢ ጋር ድህነትን ማባባስ ይሆናል። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ሰብሳቢ ሳይሆን ሌላ መተዳደሪያ የምታገኝበት መንገድ ነው። ይህን መንገድ ለመክፈት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት ይምጣ ቢባል፣ ከቢራውና ከሲጋራው ከሚሰበሰበው ቢሆን የተገባ ነው።

የሚመለሰው ግብር

በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ ሲመለስ የካ ሚካኤል በሕዝብ ትሞላለች። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ነው፤ ውሃው ወደ ወይን የተለወጠበት በዓል። በየቤቱ ጠላ ይቀዳል፤ እንግዳ ይስተናገዳል። መጠጥ በዚህ ሕዝብ ዘንድ የአብሮነትና የክብር ምልክት መሆኑን ያልተረዳ ሕግ አውጪ አይሰማም። በዚያው ዕለት ማታ ግን በስካር የሚፈርስ ትዳርና የሚበላሽ ጤና መኖሩን የማያይም ሰው ከሕግ አውጪነት የራቀ ነው።

ያለፈው ታሪክ ለዛሬው ክርክር ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ክልከላ ብቻውን፣ ከንፈር እስከ መቍረጥ ቢደርስም፣ ልማድን አያጠፋም። ሁለተኛ፣ በራስ ገበያ ላይ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን ብዙ ተደክሞበት የተገኘ ስለ ሆነ በግድየለሽነት ሊያዝ አይገባም፤ መነሻውም መቶኛውም በየጊዜው ሊመረመር ይገባል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ግብር የሚገባው ብቻ ሆኖ የሚበላው ከተረሳ ቃሉ ግማሽ ትርጉሙን ያጣል። የምኒልክ ዘመን ሰው ማሩ ወደ ጠጅ ተለውጦ በአዳራሹ ሲቀርብ ያይ ነበር። የዛሬው ከፋይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ፓኮና ከእያንዳንዱ ጠርሙስ የተሰበሰበው ብር ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሱስ ሕክምናና ከጥንስስ ሌላ መተዳደሪያ ለምትፈልግ እናት መድረሱን በሒሳብ ሊያይ ይገባዋል። የዓመቱን ገቢ ከነዋለበት ለሕዝብ መግለጥ ሌላ አዋጅ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መዝገብ ያዡ መዝገቡን መክፈቱን ነው።